ነፋስ «ሺ» አይልም

ይድረስ ለተከበሩ የቴሌቪዥን ጣቢያው ዋና ሥራ አስኪያጅ፤
ግልባጭ፦ ደብዳቤ ሳይከፍት መልስ ለሚጽፈው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዎ፤
ግልባጭ፦ ለነፋስ።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የማይጓደል ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። እንዴት ሰነበቱ? ቤተሰቡስ እንዴት ነው? ወንበሩስ ይመቻል? ስለ ዓይንዎ፣ ስለ ወገብዎና ስለ ጉልበትዎ ጤና ፈጣሪዬን ጠዋት ማታ እለምናለሁ። ስለ ጆሮዎ ግን አልለመንኩም። ይህም ከክፋት አይደለም፤ ከሦስት ሳምንት በፊት ባወጡት መግለጫ መሠረት ጤነኛ ጆሮ የተረፈው በእርስዎ ሕንፃ ውስጥ ብቻ መሆኑን ስለተረዳሁ፣ በሞላ ማሰሮ ላይ ውሃ ጨምርልኝ ብሎ ፈጣሪን ማድከም ነውር መስሎ ታይቶኝ ነው።

እኔ ማኅተም ቀራጭ ነኝ። በአንድ ባለ አምስት ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃ ምድር ቤት፣ በፀጉር ቤትና በልብስ ስፌት ቤት መካከል በተጣበቀች ክፍል ውስጥ ተቀምጬ፣ ሌላው ሰው ከግራ ወደ ቀኝ የሚያነበውን ከቀኝ ወደ ግራ ላስቲክ ላይ እፈለፍላለሁ። በዚህ ሥራ ሃያ ሁለት ዓመት ቆይቼ የተማርኩት ነገር ቢኖር የአንዲት ፊደልን ጉልበት ነው። ገና ጀማሪ ሳለሁ ለአንድ ጠበቃ «የሕግ ጠበቀ» ብዬ ቀርጬለት፣ ደንበኞቹ ምኑ እንደጠበቀ ሲጠይቁት ወር ሙሉ ከርመዋል። ከዚያ ወዲህ ደንበኛ በእጁ ጽፎ ያልሰጠኝን አልቀርጽም፤ የጻፈውንም በራሴ ሥልጣን አላርምም፤ የትዕዛዝ ወረቀቱንም አልጥልም። ይህን የምነግርዎ ስለ ራሴ ለማውራት ሳይሆን፣ ስለ ፊደል ስናገር ከሜዳ ተነሥቼ እንዳልሆነ እንዲያውቁልኝ ብቻ ነው።

ይህ ደብዳቤ ግልጽ ስለሆነና እርስዎም የጣቢያዎን ፕሮግራም ለማየት ጊዜ እንደሌለዎ ስለምገምት፣ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። እሑድ እሑድ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ «የሰገነቱ ጠባቂ» የሚባል ተከታታይ ድራማ ያሳያሉ። በሌላ አገር፣ በሌላ ቋንቋ የተሠራ ነው፤ ድምፁን እናንተ በእኛ ቋንቋ ትተካላችሁ። ባለታሪኩ ግራጫ ጭምብል ያጠልቃል፤ በአራት ምዕራፍ ውስጥ ፊቱን ያየ የለም። ኃይሉ ደግሞ ጡንቻ አይደለም፣ ጆሮ ነው። በዚያች ከተማ ውስጥ ማንም ሰው፣ በየትኛውም ጓዳ ተዘግቶ፣ በሹክሹክታ እንኳ «ድረስ!» ካለ ይሰማዋል፤ ሰምቶም ይደርሳል። አይበርም፣ እሳት አይተፋም፣ ግድግዳ አይበሳም። ይሰማል፣ ይደርሳል፣ በቃ። የወደድነውም ለዚሁ ነው፤ በኑሯችን ያጣነው የሚሰማ ሰው እንጂ የሚበር ሰው አልነበረምና።

ሁለተኛዋን ባለታሪክ ደግሞ ላስተዋውቅዎ። አክስቴ ናት። ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ ሠላሳ አንዱን ዓመት ያሳለፈችው በስልክ ማዞሪያ ላይ፣ ሁለት ጆሮዋ በማዳመጫ ተይዞ፣ የማታውቀውን ሰው ከማታውቀው ሰው ጋር ስታገናኝ ነው። ከስድስት ዓመት ወዲህ ዓይኗ ከጥላ በቀር የሚያሳያት የለም። ጆሮዋ ግን፣ ክቡር ሆይ፣ ያ ጭምብል ለባሽ እንኳ መጥቶ ቢማርበት አያፍርም። ሦስተኛ ፎቅ ያለው በሯ ዘንድ ገና ሳይደርሱ ማንነትዎን ከውስጥ ሆና ትነግርዎታለች፤ ጎረቤቴን ፀጉር አስተካካዩን «ግባ፣ ግን የግራ ጫማህን ተረከዝ አስጠግን» አለችው፤ ጎንበስ ብሎ ሲያይ እውነትም ተረከዙ ሊለቅ ደርሷል። የሕንፃው የውሃ ቧንቧ ሊፈነዳ ሁለት ቀን ሲቀረው «ይሄ ነገር ጉሮሮው ታሟል» ብላ ያስጠነቀቀችው እሷ ናት። ያልሰማናት እኛ ነን፤ አምስት ፎቅ ሙሉ በባልዲ ስንጨልፍ ያደርነውም እኛ ነን።

እሑድ እሑድ ድራማውን የምናየው በእኔ ሱቅ ነው። ፀጉር አስተካካዩ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ከላይም ከታችም የሚመጣ ጎረቤት ሁሉ ይሰበሰባል፤ የአክስቴ ወንበር ከስፒከሩ አጠገብ ነው። የሚታየውን እኔ እነግራታለሁ፤ እኛ ያመለጠንን የሚሰማ ነገር እሷ ትነግረናለች። ዓይን ከእኔ፣ ጆሮ ከእሷ ሆኖ እንዲህ በእኩል አራት ምዕራፍ ዘለቅን።

ታዲያ ከሁለተኛው ምዕራፍ ጀምሮ አክስቴ አንድ ነገር አመጣች። ጭምብል ለባሹ ደረጃ ሮጦ ሲወጣ «አይ፣ ይቺ ልጅ ዛሬ ደክሟታል» አለች። ሳቅን። «ይሄ ልጅ በይ እንጂ አክስቴ» አልኳት። በሚቀጥለው እሑድም «ይቺ ልጅ» አለች። ፀጉር አስተካካዩ «እትዬ፣ ጀግናው እኮ ወንድ ነው፣ ድምፁን አይሰሙም እንዴ? እንደ በርሜል ነው የሚያስተጋባው» ሲላት፣ «ድምፁማ የእናንተው ሰው ነው፤ እኔ የምሰማው ትንፋሿን ነው» አለችው። እውነቷን ነበር፤ ጣቢያዎ ቃሉን በራሱ ተዋናይ ሲተካ ትንፋሹን እንዳለ ነበር የሚተወው። ይሁን እንጂ ሦስት ምዕራፍ ያህል፣ እሑድ በመጣ ቁጥር፣ «ይሄ በይ» እያልን ስናርማት ኖርን። ከአራሚዎቹ ዋናው እኔ ነበርኩ። ይህን ኃጢአቴን አስቀድሜ የምናዘዘው፣ የእርስዎ ሲመጣ ብቻዬን ንጹሕ የሆንኩ እንዳይመስልብኝ ነው።

ከዚያ የአራተኛው ምዕራፍ አሥራ አንደኛ ክፍል መጣ፤ ከመጨረሻው አንድ ሲቀረው ማለት ነው። የጭምብሉን ምስጢር የምታውቅ ሰው በዓለም ላይ አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም ጭምብሉን የሰፋችው አሮጊት ናት። ድልድይ ተንዶባት፣ ድንጋይ ተጭኗት፣ የመጨረሻ ትንፋሿን አሰባስባ ጮኸች፤ ጩኸቷም «ድረስልኝ» አልነበረም። «ድረሺልኝ!» ነበር። በዚያው ማያው ጨለመ፤ ለሚቀጥለው ሳምንት ሰው ይበለን አላችሁ።

ሱቁ ውስጥ ያለን ሁላችንም ከማያው ላይ ዞረን አክስቴን አየናት። እሷ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው፣ «እና?» አለች።

ያቺን «እና?» የሚያህል ንግግር ከአደባባይ ሰምቼ አላውቅም። ከእሑድ እስከ ረቡዕ ድረስ አክስቴ የሕንፃው ንግሥት ሆነች። ልብስ ሰፊዋ ትኩስ ዳቦ ይዛላት ወጣች፤ «እኔስ ትከሻው ላይ ያለው ስፌት አልዋጥልሽ ብሎኝ ነበር፤ በወንድ ልክ የተቆረጠ አይደለም» አለቻት። ከአምስተኛ ፎቅ የማይወርደው ጡረተኛ ሒሳብ መምህር እንኳ ወርዶ፣ ለሁለት ዓመት ስለሳቀባት ይቅርታ ጠየቃት። ፀጉር አስተካካዩ ብቻ አልተረታም፤ «ሴት ከሆነች ያ ሁሉ ፀጉር በዚያች ጠባብ ጭምብል ውስጥ የት ገባ?» ብሎ ተሟገተ። ልብስ ሰፊዋም በበሩ ብቅ ብላ «ተላጭታ እንደሆነስ? አንተ ስንቱን መላጣ አድርገህ የለ!» አለችው፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ የነበረው ደንበኛም በነገሩ ተናድዶ ግማሽ ራሱን ተላጭቶ፣ ግማሹን ይዞ ሄደ። የከተማው ሰው ሁሉ ያን ሰሞን እንዲህ ነበር፤ «ድረሶች» እና «ድረሺዎች» ተብለን ተከፈልን፤ ታክሲ ውስጥ ሰው ከመቀመጡ በፊት የየትኛው ወገን እንደሆነ ይጠየቅ ነበር። አክስቴ ያን ሁሉ በፈገግታ ትሰማለች፤ የሠላሳ አንድ ዓመት ሥራዋ ከጡረታ ተጠርቶ የተሸለመ ነው የሚመስላት።

ረቡዕ ጣቢያዎ ደረሰ። ሳይጠራ መድረስ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። እንግዲህ በጣቢያዎ ላይ ያለኝን ቅሬታ፣ ወይም በእርስዎ ቋንቋ «ያልተባለውን የሰማሁትን»፣ በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ። ረቡዕ ባወጣችሁት መግለጫ «በአሥራ አንደኛው ክፍል 'ድረሺ' የሚል ቃል ከቶ አልተነገረም፤ የተነገረው 'ድረስ' ሲሆን፣ ከነፋስ ድምፅ ጋር በመቀላቀሉ አንዳንድ ተመልካቾች ያልተባለውን ሰምተዋል» ብላችሁ አስነበባችሁን። ስለ ነፋስ ስላስተማራችሁን ከልብ እናመሰግናለን። ፀጉር አስተካካዩ የ«ድረሶች» አለቃ እንደመሆኑ በመግለጫው ሊደሰት ይገባው ነበር፤ ነገር ግን ምላጩን አስቀምጦ፣ ጥቂት አስቦ፣ «ኧረ ባካችሁ፣ ነፋስ ሽው ይላል እንጂ ሺ አይልም» አለ። እኔም በሙያዬ አንዲት ቃል ልጨምር። «ስ»ን «ሺ» ለማድረግ በራሷ ላይ አግዳሚ ጭረት ይሰነዘራል፣ በእግሯም ላይ ቅንጣቢ ይቀጠላል። ይህ እጅ ስቶት የሚመጣ አይደለም። የመጨረሻውን ክፍል አስቀድሞ ያነበበ፣ ከጭምብሉ ሥር ማን እንዳለ ያወቀ ሰው፣ ያወቀውን እውነት ከብዕሩ ማስቀረት ተስኖት የጻፈው ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ? ተርጓሚያችሁ አመለጠው። ቢያመልጠው ምን ነበረበት? «አዎ፣ አመለጠን» ብላችሁ ብትስቁ ኖሮ ሁላችንም አብረን ስቀን፣ እሑድን እንጠብቅ ነበር። እናንተ ግን ለአንዲት ፊደል ከምትሸነፉ መቶ ሺህ ጆሮ ብታደነቁሩ መረጣችሁ።

ሁለተኛ። በዚያው ረቡዕ ክፍሉን ደግማችሁ ስታሳዩ «ድረሺልኝ» ጠፍታ በቦታዋ «ይድረሱልኝ» ገብታ አገኘናት። ተንኮሏ ገብቶኛል፤ አንቱታ ወንድም ሴትም አይልምና ጀግናችሁን ከአክብሮት ጀርባ ሸሸጋችሁት። ሳስበው ግን አንዷን ቃል ብቻ ብትለውጡ ነገሩ ይታወቅብናል ብላችሁ ሰጋችሁ መሰለኝ፣ ክፍሉን በሙሉ አንቱ አደረጋችሁት። አራት ምዕራፍ ሙሉ «አንተ ፈሪ፣ ውጣ!» ሲል የኖረው ቀንደኛ ወንበዴ በአንድ ቀን ጨዋ ሆኖ «እርስዎ ፈሪ፣ ይውጡ!» አለ። የጭምብል ለባሹን ጉሮሮ አንቆ ይዞ «ዛሬ አለቀልዎት!» አለ፤ አፉ ከተዘጋ በኋላ «ዎት» የምትለዋ ብቻዋን አየር ላይ ተንሳፍፋ ቀረች። በሚቃጠል ሊፍት ውስጥ የታሰረች የሦስት ዓመት ሕፃን፣ ጭሱ አፍንጫዋን እያፈናት፣ «እባክዎ ቢመችዎ ይድረሱልኝ» አለች። ልጆቻችንን በሥርዓት የሚያሳድግ ጣቢያ ስለሰጡን ምስጋናችን የላቀ ነው። የሕንፃችን ዘበኛ በማግስቱ ጠዋት ሌባ ሲያባርር «ይቁሙ! ይቁሙ እንጂ!» እያለ ሲሮጥ ሰምተነዋል፤ ሌባውም ለአክብሮቱ አጸፋ ሳይሰጥ አመለጠ።

ሦስተኛ። ያልተባለውን ቃል የተናገረችው የድምፅ ተዋናይ «በስቱዲዮ ውስጥ ለተናገሩት ቃል» የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሷታል፤ ይህን የሰማነው ልብሷን ከምታሰፋበት ከጎረቤታችን ከልብስ ሰፊዋ ዘንድ ነው። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ያልተነገረ ቃል የተናገረን ሰው የምትቀጡት በየትኛው ደንብ ነው? ደንቡን ቢልኩልኝ ያልቀረጽኳቸውን ማኅተሞች የማስረክበው በእሱ ነበር።

አራተኛውን ቅሬታ ልብስ ሰፊዋ «እሱን እንኳ ተው፣ ሰው ያነበዋል» ብላ ስለለመነችኝ ትቼዋለሁ። እርስዎ ግን ምን እንደሆነ ሳይገምቱት አይቀሩም።

አምስተኛ። እስካሁን ያልኩትን ሁሉ እንደ ጨዋታ ሊወስዱት ይችላሉ፤ ግማሹ ጨዋታ ነው። ይህኛው አይደለም።

ሐሙስ ቀን አክስቴ ደረጃውን ወርዳ መጣችና ወደ ጣቢያዎ እንድደውልላት ጠየቀችኝ። ለመጣላት አልነበረም። «በስልክ ማዞሪያ አንድ ሰው 'አልሰማሁም' ሲል መልሰን እናሰማዋለን፤ ምናልባት አልሰሙት ይሆናል፣ ላስረዳቸው» ነው ያለችው። ሱቁ ውስጥ ሰው ነበር፤ ሁሉም ይስማ ብላ ድምፁን ከፍ አስደረገችኝ። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዎ ስልኩን አነሣ። ደቂቃውን ጠቅሳ፣ ከጩኸቱ በፊት ስንት ድንጋይ እንደወደቀ ቆጥራ፣ «ሺ»ዋ ከነፋሱ በኋላ እንጂ ከነፋሱ ጋር እንዳልመጣች በትሕትና ዘረዘረችለት። እስከ መጨረሻው ሰማት፤ ለዚህ ምስጋና ይገባዋል። ከዚያ «ዕድሜዎ ስንት ነው እናቴ?» አላት። ነገረችው። ሳቀ። በክፋት አይመስለኝም፣ ሰው ድመት ስታስነጥስ እንደሚስቀው ነው የሳቀው። «በዚህ ዕድሜማ ጆሮ ያልተባለ ይሰማል፤ ለእኛ ከሚደውሉ ለሐኪም ቢያሳዩት አይሻልም?» አላት።

ማንም አልሳቀም። ፀጉር አስተካካዩ፣ ያ የ«ድረሶች» አለቃ፣ የራሱን ጫማ ያይ ነበር። አክስቴም በሠላሳ አንድ ዓመት ሥራዋ ውስጥ ጥሪ ሲያበቃ የምትለውን ቃል አለች፤ «እሺ፣ መስመሩን ለቅቄያለሁ»። ከዚያ ስልኩን ለእኔ አቀበለችኝ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የአክስቴ ባዳ ሆኖ አያውቅም ነበር፤ ባዳ ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ በሯን ሳንኳኳ «ማነው?» ትላለች። ስሜን ነግሬያት እንደገና «ማነው?» ትላለች። ባለፈው ሳምንት ከላይ ደውላልኝ፣ ሥራዬን ጥዬ ሦስት ፎቅ ሮጬ ስወጣ፣ የጠራችኝ ምድጃው ላይ ያለው ማንቆርቆሪያ እውነት እየጮኸ መሆኑን እንዳጣራላት ኖሯል። ይጮህ ነበር። ክዳኑ እየዘለለ ይጮህ ነበር። አጠገቡ ቆማ እጇን ወደ እንፋሎቱ ዘርግታ፣ «ይጮሃል ወይስ ለእኔ ብቻ ነው?» አለችኝ።

እርስዎ በዕድሜዎ ብዙ ደብዳቤ አንብበዋል፤ ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ ካለዎት ግን ይላኩልኝ።

ስድስተኛ። መልስ ከመላክ አልቦዘናችሁም፤ ይህንንማ ልክድ አልችልም። ከስልኩ በፊት፣ ገና ረቡዕ ማታ፣ አክስቴ አቤቱታዋን በቃል ነግራኝ ጽፌላት ነበር፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ከትናንት በስቲያ መልሱ በማኅተም ተረጋግጦ መጣ። ስለ ማኅተሙ የማውቀውን ለጊዜው ልተወው። መልሱ እንዲህ ይጀምራል፦ «ለአቶ…»። አክስቴን ነው አቶ ያላችኋት። ደብዳቤዋ ላይ «እኔ ጡረታ የወጣሁ የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ፣ ሴት፣ ዕድሜ 74» ብዬ በሰማያዊ እስክሪብቶ ጽፌላችሁ ነበር። በአካል ያለችውን ሴት አቶ ያለ መሥሪያ ቤት በጭምብል ያለችውን ቢስት አይገርምም ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ ነገር ግን ደብዳቤውን ላነብላት ድፍረት አጥቼ የማኅተም እጀታ በማኖርበት መሳቢያ ውስጥ ደበቅኩት።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ልመናዬ ትንሽ ናት። ለ«ቴክኒክ ዝግጅት» እያላችሁ ሦስት ሳምንት ያሸጋገራችሁት የመጨረሻው ክፍል በመጪው እሑድ ይታያል። ምስጢሩን አልጠይቅዎትም። ጭምብሉ ሲወልቅ ከሥሩ ወንድ ይውጣ፣ ሴት ትውጣ፣ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዎ ራሱ ይውጣ፣ ግድ የለኝም። «እሑድ ሁሉም በዓይኑ ስለሚያይ ነገሩ ራሱ ይጠራል» ብለው እንዳይመልሱልኝ ብቻ እለምንዎታለሁ። ሁሉም ያያል፤ እሷ አታይም። ለእሷ የሚያይላት ጆሮዋ ነበር፤ እሱን ደግሞ አላምነውም ብላ ዘግታዋለች። እሑድ እንድትመጣ ስጠይቃት «ያልተባለ የሚሰማ ጆሮ ይዤ መጥቼ ምን አደርጋለሁ? ለእናንተም ጨዋታ አበላሻለሁ» አለችኝ። አንድ ሰዓት ከመሆኑ በፊት አስተዋዋቂዎ አንዲት ዓረፍተ ነገር ያንብብልኝ፦ «በአሥራ አንደኛው ክፍል 'ድረሺልኝ' ተብሏል፤ የሰማችሁ በትክክል ሰምታችኋል።» በአንድ ትንፋሽ ያልቃል፤ ከሳሙና ማስታወቂያ ያጥራል። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላሉ አባቶች። እናንተ ግን የተናገራችሁት እንዲጠፋ፣ የሰማችውም አብራ እንድትጠፋ ነው የፈረዳችሁት።

አራት ምዕራፍ ሙሉ ሰው ሲጠራ የሚሰማ ጀግና አሳይታችሁናል። የምትጠሩት እናንተ ስትሆኑ እንዴት እንደምትሰሙ ደግሞ አሁን አየን። ለሁለቱም ትርዒት እጅ ነሥቻለሁ።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለወንበርዎ ጽኑ እግር፣ ለጽሕፈት ቤትዎ ነፋስ የማይገባበት መስኮት እየተመኘሁ፣ በደፈርኩት ይቅር እንዲሉኝ ዝቅ ብዬ፣ ከዚህም ዝቅ የሚባል ቢኖር ከዚያም ዝቅ ብዬ እየለመንኩ፣ ደብዳቤዬን እዚህ ላይ አሽጋለሁ።

የጣቢያዎ የዘወትር ታዳሚ፣
ያልተባለ ሰሚ፣ የተገለበጠ ጸሐፊ፣
ማኅተም ቀራጩ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ፣ ዛሬ ጠዋት፣ አክስቴ በግድግዳው እየተመራች ወርዳ ሱቄ ገባች። ፀጉር አስተካካዩ አፉ አያርፍምና መልስ መምጣቱን ነግሯት ኖሯል። «አንብብልኝ፤ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ ማኅተሙንም ሳይቀር» አለችኝ፤ ስልክ ማዞሪያ ላይ የሠራ ሰው ግማሽ መልእክት አይቀበልም። ከመሳቢያው አውጥቼ አነበብኩላት። «አቶ» ላይ ስደርስ «ቀጥል» አለችኝ። ማኅተሙ ላይ ስደርስ ግን እጇን አነሣች፤ «ቆይ፣ እሱን ድገመው» አለችኝ። ደገምኩት። ሦስተኛ አስደገመችኝ። ከዚያ ትከሻዋ ወረደና በትንሽ ድምፅ «ይኸው እንደገና ጀመረኝ፤ አንተ 'መቀበያ' ትላለህ፣ እኔ 'መቀበሪያ' እሰማለሁ» አለች።

ክቡር ሆይ፣ ያን ማኅተም የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ከስድስት ዓመት በፊት ከጣቢያዎ የመጣው የትዕዛዝ ወረቀት፣ ከነፊርማው፣ ዛሬም በእጄ ነው፤ «የተመልካቾች አስተያየት መቀበሪያ ክፍል» ይላል። ያን ጊዜ ስልክ ደውዬ «ይህች 'ሪ' በስሕተት ገብታ ይሆን?» ብዬ ጠይቄ፣ «እንደተጻፈልህ ቅረጽ፣ ሥራ አታስተምረን» ስለተባልኩ እንደተጻፈልኝ ቀረጽኩ። ማኅተም የሚመታ እንጂ የሚነበብ ነገር አይደለምና፣ ስድስት ዓመት ሙሉ በየደብዳቤው ግርጌ ስትመቱት ከዚያ ሁሉ ዓይናማ ሕንፃ «ሪ»ዋን ያየ አልተገኘም። ያገኘቻት ዓይን የሌላት አንዲት ሴት ናት፣ በጆሮዋ።

ወረቀቱን አውጥቼ ፊደል በፊደል ነገርኳት። መጀመሪያ አላመነችኝም። ከዚያ ሳቋ መጣ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያው ነበር፤ እየሳቀች ሳለ ግን ድንገት ራሷን ወደ በሩ አዘነበለች። «ፀጉር አስተካካዩ ደጅ ቆሞ ይሰማል። ግባ በለው፤ ያንን ተረከዙንም እስካሁን አላስጠገነም» አለች። በሩን ከፈትኩ። ቆሞ ነበር።

ስለዚህ ዓረፍተ ነገሯን ማንበቡ ቢያስቸግርዎ አይጨነቁ። የአክስቴ ጆሮ ጤነኛ መሆኑን በራስዎ ማኅተም አረጋግጠው ልከውልናል። እሑድ ወንበሯ ከስፒከሩ አጠገብ ነው።